«ከማርያም ማግስት ያዘኝ»፦ የጎጃም የወባ ቅስቀሳ በምን ይመዘን?

ኅዳር ነው እንበል፤ ጃቢ ጠህናን ወይም ወንበርማ። ገበሬው ጤፍ ሲያጭድ ውሎ ማምሻውን ብርድ ብርድ ይለዋል። «ምች መታኝ» ይላል። ባለቤቱ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ ታሽና ጭማቂውን በቡና ታጠጣዋለች፤ የቀረውን ሰውነቱን ትቀባዋለች። በማግስቱ ላብ አጥምቆት ቀለል ሲለው ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ የደረሰ ጤፍ ቀጠሮ አይሰጥም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ያንቀጠቅጠዋል። አሁን «ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ወደ ጤና ኬላ የሚሄደው፣ ከሄደ፣ በአምስተኛው ቀን ነው።

ይህ ሰው ስለ ወባ ሳይሰማ የቀረ እንዳይመስላችሁ። ሬዲዮው ነግሮታል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደጁ ድረስ መጥታ ነግራዋለች፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይም ከማዳበሪያው ጉዳይ ቀጥሎ ሲነሳ ሰምቷል። «ወባ በምን ይተላለፋል?» ብትሉት «በትንኝ ነዋ፣ በምን ሊሆን ነው?» ብሎ ይስቅባችኋል። አጎበሩን፣ ያቆረ ውኃ ማፋሰሱን፣ ቶሎ መታከሙን አንድ በአንድ ይቆጥርላችኋል። በዕውቀት መጠይቅ ቢፈተን ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ጤና ኬላ የደረሰው ግን በአምስተኛው ቀን ነው። እንግዲህ ቅስቀሳው ተሳካ እንበል ወይስ ከሸፈ?

ጥያቄው የቢሮ ጨዋታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ 1,157 ሰውም ሞቷል። ከተመዘገበው ሕመም 18 በመቶ ያህሉ የአማራ ክልል ነው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የአገሪቱ የዓመት ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር። ጎጃም ላይ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የመጣው ጦርነት መንገዱንም፣ ስልኩንም፣ የመድኃኒት መኪናውንም አንድ ላይ ይዞታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለቅስቀሳ የሚወጣው ብርና ጉልበት ከመመርመሪያውና ከኪኒኑ ጋር የሚሻማ ነው። ስለዚህ ምን አመጣ ተብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

የዘመቻ ሪፖርት አንብቦ የሚያውቅ ሰው ቃናውን ያውቀዋል። ይህን ያህል ፖስተር ተለጠፈ፤ ይህን ያህል በራሪ ወረቀት ተበተነ፤ በድምፅ ማጉያ ይህን ያህል ቀበሌ ተዳረሰ፤ ለይህን ያህል ሺህ ሕዝብ «ግንዛቤ ተፈጠረ»። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ሁሌም ይገርመኛል፤ ግንዛቤ እንደ ችግኝ ተቆጥሮ የሚተከል ያስመስለዋል። የተቆጠረው የተነገረው ነው፤ ከተነገረው በኋላ የተደረገው አልተቆጠረም። ጊዜውም ሌላ ጉድ ነው። የዓለም የወባ ቀን ሚያዝያ 17 ይውላል፤ ባነር ይሰቀላል፤ ካኔተራ ይታደላል። በጎጃም ሚያዝያና ግንቦት ላይ ወባ የለም ማለት አይደለም፤ ዋናው ወቅት ግን ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። ሚያዝያ ላይ የተነገረ ነገር መስከረም ላይ ከሰው ልብ ውስጥ ምን ያህሉ እንደተረፈ ተመልሶ የሚጠይቅ ብዙ አላየሁም።

እኔ እንደማየው የብዙዎቹ ቅስቀሳዎች እንከን አንዲት ቃል ላይ ነው። መልእክቱ «ወባ ሲይዝዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ» ይላል። ወባ እንደያዘው የሚያውቅ ሰው ግን ማነው? ትኩሳት የመጣበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ለትኩሳቱ ስም ማውጣት ነው፤ ስሙም ምች ነው፣ ብርድ ነው፣ ጉንፋን ነው፣ ታይፎይድ ነው። ወባ የሚለው ስም የሚወጣው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ በኋላ ነው፤ የ24 ሰዓቱም ቆጠራ በእርሱ ቤት ያን ጊዜ ይጀምራል። ሰውዬው ትእዛዙን አልጣሰም፤ እንዲያውም በቃሉ ሄዷል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ግን የስም አወጣጡን ጊዜ ይጠቀምበታል፤ በተለይ በትንሽ ልጅ ላይ ከተራ ትኩሳት ወደ መንቀጥቀጥና ራስን ወደ መሳት ለመዝለል ብዙ ቀን አይፈልግም። እንግዲህ መልእክቱ ስለ ትኩሳት ቢናገርና «ምችም ቢሆን፣ ብርድም ቢሆን፣ መጀመሪያ ጣትዎን ተወግተው ይዩት፤ ዳማከሴው የትም አይሄድም» ቢል የተለየ ነገር ይሆናል። ዳማከሴውን መሳደብ አያስፈልግም፤ ወረፋውን ማስለወጥ ብቻ ነው።

ይህንን ካነሳሁ አይቀር፣ አያቶቻችን «ወባ ከበቆሎ እሸትና ከአገዳ ይመጣል» ሲሉ የሠለጠነው ቀስቃሽ «የተሳሳተ አመለካከት» በሚለው ዓምድ ሥር ይመዘግበዋል። እሸት ሰውን ወባ አያስይዝም፤ እውነት ነው። ግን ቡሬ አካባቢ የተደረገና በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ የታተመ ምርምር፣ በበቆሎ የተከበበ መንደር በወባ የበለጠ እንደሚጠቃ አሳይቷል። የወባ ትንኝ እጭ ከበቆሎው የሚረግፈውን የአበባ ብናኝ ያቆረ ውኃ ላይ ይመገበዋል፤ ፋፍቶም ያድጋል። አሮጊቷ ምክንያቱን ስታለች እንጂ ጊዜውንና ማሳውን አልሳተችም። እንዲህ ያለውን ሰው «አታውቂም» ብሎ የሚጀምር ቅስቀሳ ገና በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሰሚውን ያጣል፤ የምዘና መጠይቁም እርሷን ከማያውቁት ጎራ ይመድባታል።

ወደ ልኬቱ እንመለስ። ወረዳ ላይ የተለመደው ሚዛን የታማሚ ቁጥር ነው፤ ከዘመቻው በፊት ይህን ያህል ነበር፣ ከዘመቻው በኋላ ይህን ያህል ሆነ። ይህ ሚዛን ሕክምና ፍለጋን ለማበርታት በተደረገ ቅስቀሳ ላይ ሲውል ይገለበጣል። አንድ ቀበሌ በምናባችን እንውሰድ። ከቅስቀሳው በፊት በአንድ ወር 200 ሰው አተኮሰው እንበል፤ 60ው ብቻ መጥቶ ተመረመረ፤ 20ው ላይ ወባ ተገኘ። ከቅስቀሳው በኋላ ባለው ወር ያተኮሰው ሰው ያው 200 ነው፤ አሁን ግን 120ው መጣ፤ 30ው ላይ ተገኘ። የወረዳው ሪፖርት «ወባ በ50 በመቶ ጨመረ» ይላል። ባለሙያዋ ትወቀሳለች። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ቤቱ ተኝቶ ይንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ተነሥቶ መጣ። ከተመረመሩት ውስጥ ወባ የተገኘባቸው ድርሻ ከሦስት አንድ ወደ አራት አንድ ወርዷል፤ ይህም ሰው በትኩሳት ሁሉ መምጣት መጀመሩን ይጠቁማል። የተመርማሪውን ብዛትና የተገኘባቸውን ድርሻ ጎን ለጎን ሳያስቀምጥ የታማሚ ቁጥር ብቻውን ይዞ የሚፈርድ ሰው የሚሠራውን ቅስቀሳ ይቀጣል፤ ሰውን ቤቱ ያስቀረውን ይሸልማል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ቢለካ እመርጣለሁ፤ ትኩሳቱ በጀመረበትና ምርመራው በተደረገበት ቀን መካከል ያለው ርቀት። ለዚህ ትልቅ ጥናት አያሻም፤ አንድ ጥያቄና በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ይበቃል። ሆኖም አጠያየቁ ብልሃት ይጠይቃል። ኅትመት የጠገበ ጠያቂ «ትኩሳቱ ከጀመረ ስንት ሰዓት ሆነው?» ይላል። የገጠር ሰው ሕመሙን በሰዓት አይቆጥርም። «ሁለት ሦስት ቀን ቢሆነው ነው» ይላል፤ ሁለት ነው ወይስ ሦስት? ያችው የአንድ ቀን ልዩነት ናት ሙሉው ጥያቄ። ነገር ግን ያው ሰው በጎጃም ቤት ውስጥ ከማንም የማይሳት የቀን መቁጠሪያ አለው። በ12 ሚካኤል ነው፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም። «ማርያም ዕለት ደህና ነበርህ?» «ቤተ ክርስቲያን ስሜ ነው የመጣሁ።» «ጊዮርጊስስ?» «ጊዮርጊስማ ተኝቻለሁ፤ ከማርያም ማግስት ነው የያዘኝ።» ይኸው በ22 ነው። የገበያውም ቀን ይረዳል። ከሌላ አገር የተተረጎመ መጠይቅ ይህን አያገኘውም።

ጠያቂው ማን እንደሆነም ይወስናል። ያስተማረችው ባለሙያ ራሷ ተመልሳ «ኪኒኑን ጨርሰሃል?» ብትል መልሱ «አዎ እቴ፣ ጨርሼዋለሁ» ነው። ውሸት ብለን መክሰስ አንችልም፤ ይሉኝታ ነው። ፀሐይ እየጠበሳት ደጁ ድረስ የመጣችን ሰው ማን ያሳፍራል? «ትምህርቱን ሰምተዋል ወይ?» ለሚለውም ያው ነው። ይህን የሚያውቅ መዛኝ ከሌላ ወረዳ ጠያቂ ያመጣል፤ ጥያቄውንም ያዞረዋል። «ሰምተዋል?» ሳይል «ባለፈው ጊዜ ልጅዎን ያተኮሰው ዕለት ምን ምን አደረጉ? መጀመሪያ ማን ጋ ሄዱ?» ይላል። ሰው ታሪኩን ሲያወራ ይሉኝታው ይላላል። ስለ ኪኒኑም «ማሸጊያውን እስቲ ያሳዩኝ» ይሻላል።

ማሸጊያው ብዙ ይናገራል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ለፋልሲፓረም የሚሰጠው ኮአርተም ለአዋቂ 24 ፍሬ ነው፤ አራት አራት እየተባለ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ችግሩ መድኃኒቱ ቶሎ ማሻሉ ነው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ይለቃል፤ ሰውዬው ይነሣል፤ የቀረው ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ፍሬ «ለክፉ ቀን» ተብሎ መደርደሪያ ላይ ወይም ከሞሰብ ሥር ይቀመጣል። የሚቀጥለው የታመመ ልጅ ከእርሱ ይሰጠዋል። ይህ ስስት አይደለም፤ ጤና ኬላው ሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሆነበት፣ መድኃኒቱም ነገ መኖሩ በማይታወቅበት አገር ቁጠባ ነው። «ይጨርሱ» የሚል ቅስቀሳ ከዚህ ቁጠባ ጋር እየተከራከረ መሆኑን ካላወቀ አይረታም።

ሌላም አለ። ኮአርተም ከምግብ ጋር፣ በተለይ ጥቂት ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። ብዙ ቦታ የሚነገረው «ከወተት ጋር» ተብሎ ነው። አሁን የወባውን ወቅት ከጾሙ አጠገብ አስቀምጡት። ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፤ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ በመካከሉ ረቡዕና ዓርብ አሉ። በጎጃም ወተት ይዞ የሚመጣ ምክር በዚህ ወቅት በር ላይ ይቀራል። አጥብቆ የሚጾም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ የጠዋቷ አራት ፍሬ ወይ በባዶ ሆድ ትወሰዳለች ወይ ትዘለላለች። መፍትሔው ሩቅ አልነበረም። ጥቂት ቅባት ይበቃል፤ የኑግ ዘይት የገባበት ሽሮ፣ ልጥልጥ፣ ተልባ፣ ለውዝ ሁሉ ይሆናል። የታመመ ሰው እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም፤ ግን ይህን ከፖስተር ሰምቶ የሚቀበል የለም፤ ከንስሐ አባቱ ሲሰማ ግን ይቀበላል። ካህናቱን «አጋር አካል» ብሎ ስብሰባ መጥራት አንድ ነገር ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ የሚሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገር አብሮ ማርቀቅ ሌላ ነው። በምዘናው ላይ ደግሞ የጠዋቷ መጠን ከማታዋ የበለጠ መዘለል አለመዘለሏን መመልከት ቅስቀሳው ይህን ነገር አስቦት እንደነበርና እንዳልነበር ያሳያል።

ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ክሎሮኪን የሚባለው ኪኒን ደም ውስጥ ያለውን ተሕዋስ ይገድለዋል፤ ጉበት ውስጥ ያደፈጠው ግን ለሳምንታትና ለወራት ተኝቶ ይነሣል። «ወባዬ ተነሣብኝ» የሚለው የአገራችን አነጋገር ለዚህ ነገር ከየትኛውም የሕክምና ቃል የበለጠ ትክክል ነው። ያደፈጠውን የሚነቅለው ፕሪማኪን ነው፤ ለ14 ቀን በየቀኑ፤ ለነፍሰ ጡርና ለጨቅላ ሕፃን ግን አይሰጥም። ሦስት ቀን ያልጨረሰ ሰው አሥራ አራት ቀን፣ ያውም ድኖ ሳለ፣ እንዲውጥ ማሳመን የቅስቀሳ ትልቁ ፈተና ነው። «ተነሣብኝ» የሚለውን ቃል ይዞ «እንዳይነሣብህ ነው» ማለት የሚችል ሰው የተሻለ ይሠራል። «ሽንትዎ ከጠቆረ አቁመው ይመለሱ» የሚለውንም አብሮ መናገር ይገባል፤ መድኃኒቱን የማይቀበል ደም ያለው ሰው አለና።

ቁጥሩ ሁሉ ቢሻሻልም «ቅስቀሳው ነው ያሻሻለው» ለማለት ገና ይቀራል። ወባ እንደ ዝናቡ፣ እንደ ሙቀቱና እንደ ከፍታው ይለዋወጣል። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. መካከል አገሪቱን የመታው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል ሲገድል ብዙው ጉዳት የደረሰው ወባን እምብዛም በማያውቀው በደጋ ጥግና በወይና ደጋ ነበር። አንድ ደረቅ ዓመት ለማንኛውም ቀስቃሽ የውሸት ምስጋና ያስገኛል። የቤት ለቤት ርጭትና አዲስ አጎበር በዚያው ወር ከገቡም እንዲሁ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በካርተር ማዕከል ድጋፍ በክልሉ የተካሄዱትን የማልትራ ሳምንታት የሚያስታውስ አንባቢ ይኖራል፤ ወባና ትራኮማ ተጣምረው ትምህርቱ፣ ምርመራውና መድኃኒቱ አብረው ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር። ለታማሚው መልካም ነው፤ ለመዛኙ ግን ቃሉ ነው ወይስ ደጅ የመጣው መድኃኒት ሰውን ያዳነው የሚለውን ለመለየት ያስቸግራል።

የሚቻለው እንዲህ ነው። ወረዳው ሁሉንም ቀበሌ በአንድ ቀን ማዳረስ እንደሆነ አይችልም፤ በተራ ነው የሚያዳርሰው። ተራውን የሊቀመንበሩ ቅርበት ከሚወስነው ዕጣ ቢወስነው ያልደረሳቸው ቀበሌዎች ለደረሳቸው ማነጻጸሪያ ይሆናሉ፤ ዝናቡ ለሁለቱም አንድ ነው። እርግጥ ፍጹም አይሆንም። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሁሉም ይገናኛል፤ ወሬ የቀበሌ ወሰን አያውቅም። ቢሆንም ከባዶ ግምት ይሻላል።

የጤና ኬላው መደርደሪያ ጉዳይ ግን ከንድፉ ሁሉ ይከብዳል። በቅስቀሳው ተነሥታ፣ ልጅ አዝላ፣ ሁለት ሰዓት ተጉዛ የመጣች እናት «መመርመሪያ አልቋል» ወይም «ኪኒን የለም» ከተባለች፣ ቅስቀሳው በእርሷ ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ አይደለም፤ ከዜሮ በታች ነው። የሚቀጥለው ትኩሳት ላይ አትመጣም፤ ለጎረቤቷም ትነግራለች፤ የእርሷ ቃል ደግሞ ከሬዲዮ ይልቅ ይታመናል። መንገድ በሚዘጋበት በአሁኑ ጊዜ ይህ በየቦታው የሚሆን ነገር ነው። ስለዚህ የቅስቀሳ ምዘና ከመጀመሩ በፊት በየጤና ኬላው መድኃኒትና መመርመሪያ ያልነበረባቸው ቀናት ተቆጥረው ለብቻ መቀመጥ አለባቸው። አለበለዚያ የመጋዘኑን ጥፋት በቀስቃሹ፣ የቀስቃሹን ጥፋት በ«ኅብረተሰቡ የአመለካከት ችግር» እናሳብባለን። ይህ ሁለተኛው ማሳበቢያ በሪፖርቶች ላይ ሲበዛ አያለሁ፤ ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል።

አዊ ላይ በአገውኛ የሚነገረው መልእክት በአማርኛ ከሚነገረው ምን ያህል እንደሚለይ ለብቻ መታየት አለበት፤ በተለይ አማርኛውን ባሎች ገበያ ላይ፣ አገውኛውን ሚስቶች ቤት ውስጥ በሚሰሙበት ቤት።

ከሁሉ የሚያመልጠው ግን ሠራተኛው ነው። ክረምት ላይ ከሰከላ፣ ከስናን፣ ከቋሪት ወጣቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ፣ አንዳንዱም ወደ መተከል ይወርዳል። ደጋ ያደገ ሰውነቱ ወባን አያውቅም። እዚያ የቀን ሥራ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ቢቀር የዚያን ቀን ክፍያ ያጣል፤ የጤና ኬላው የት እንዳለም አያውቅም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ብሩን በጉያው፣ ወባውን በደሙ ይዞ ይመለሳል። አገሩ ደጋ ነውና እናቱም፣ አልፎ አልፎ ባለሙያውም፣ ወባን አይጠረጥሩም። ሲሄድ ቀበሌው ላይ ቅስቀሳ አልተጀመረም፤ ሲመለስ አልቋል፤ እዚያ በነበረበት ወር የእርሻው ካምፕ በማንም የቤተሰብ ዝርዝር ላይ አልነበረም። ጠያቂ ቤቱ ቢመጣ የሚያገኘው እናቱን ነው፤ እርሷም መልእክቱን ሰምታለች ተብሎ ይጻፋል። እርሱ ግን ከመናኸሪያ ተነሥቶ ዳገቱን ሲወጣ ጉልበቱ ይከዳውና መንገድ ዳር ይቀመጣል፤ «የመንገዱ ድካም ነው» ይላል።